«ኤቨርላስቲንግ» እና «ኢተርናል»፦ በእንግሊዝኛ ቅጽል ላይ የተሠራ ስብከት ይጸናልን?

መግቢያ

ገና የሥነ መለኮት ተማሪ ሳለሁ በአንድ አጥቢያ ቤተ ክርስቲያን እንድሰብክ ተጋብዤ ማቴዎስ 25፥46ን መረጥሁ። በእጄ የነበረው የኪንግ ጄምስ የእንግሊዝኛ መጽሐፍ ቅዱስ በዚህ ቁጥር ላይ ሁለት የተለያዩ ቅጽሎችን ይጠቀማል፤ የኃጥኣንን ቅጣት «ኤቨርላስቲንግ»፣ የጻድቃንን ሕይወት ደግሞ «ኢተርናል» ይለዋል። ከዚህ ተነሥቼ እንዲህ ስል አስተማርሁ፦ «ኤቨርላስቲንግ» ማለት መነሻ ያለው መጨረሻ ግን የሌለው ነው፤ «ኢተርናል» ማለት መነሻም መጨረሻም የሌለው ነው። ስለዚህ ቅጣቱ ከፍርድ ቀን ጀምሮ ወደ ፊት ብቻ ይዘልቃል፤ ለአማኝ የተሰጠው ሕይወት ግን የእግዚአብሔር የራሱ ሕይወት ነውና ጅማሬ እንኳ የለውም። ጉባኤው «አሜን» አለ፤ እኔም ደስ አለኝ።

ከፕሮግራሙ በኋላ አንድ አረጋዊ ሽማግሌ ወደ ጎን ወሰዱኝ። እንግሊዝኛ አያውቁም። ያረጀውን መጽሐፍ ቅዱሳቸውን ገልጠው፣ «ልጄ፣ እዚህ እኮ ሁለቱንም ዘላለም ነው የሚላቸው። አንተ ያልከው ልዩነት ከወዴት መጣ?» ብለው ጠየቁኝ። «በእንግሊዝኛው ላይ አለ» ብዬ አለፍሁ። እርሳቸውም «ጌታ ይባርክህ» ብለው ሄዱ፤ ጥያቄያቸው ግን ከእኔ ጋር ቀረ።

ይህ ጽሑፍ ለዚያ ጥያቄ ዘግይቶ የመጣ መልስ ነው። ዛሬ ብዙዎቻችን ስብከት የምናዘጋጀው በስልካችን ላይ በጫንናቸው የእንግሊዝኛ ትርጉሞችና ማብራሪያዎች ነው። ይህ መልካም ነው። ነገር ግን የእንግሊዝኛ ቃል ምርጫን የመንፈስ ቅዱስ ቃል ምርጫ አድርገን ከወሰድነው፣ መጽሐፍ ቅዱስ ያላለውን በመጽሐፍ ቅዱስ ስም ልናስተምር እንችላለን። ጉዳዩ ደግሞ ስለ ሕይወትና ስለ ፍርድ ሲሆን ስሕተቱ ቀላል አይደለም።

የሁለቱ ቃላት አመጣጥ

«ኤቨርላስቲንግ» ከሁለት ቃላት የተሠራ ቅጽል ነው። «ኤቨር» ሁልጊዜ፣ «ላስቲንግ» ደግሞ የሚዘልቅ፣ የሚቆይ ማለት ነው። ሁለቱም የእንግሊዝኛ ነባር ቃላት ናቸው። «ኢተርናል» ግን ከላቲን የመጣ ነው፤ ሥሩ «ኤቴርኑስ» የተባለው ቃል ሲሆን፣ በፈረንሳይኛ በኩል ወደ እንግሊዝኛ ገብቷል። እንግሊዝኛ ለአንድ ነገር ሁለት ስም መያዙ የተለመደ ነው፤ አንዱ ከራሱ ቤት፣ ሌላው ከላቲን ቤት። ስለዚህ ሁለቱ ቃላት ጎን ለጎን የኖሩት ሁለት ሐሳብ ስለ ነበረ ሳይሆን ሁለት ምንጭ ስለ ነበረ ነው።

በአጠገባቸው ሌሎች ቅጽሎችም አሉ፤ የእንግሊዝኛ ማብራሪያ የሚያነብ ሰው ቢለያቸው ይጠቅመዋል። «ላስቲንግ» ብቻውን ሲመጣ ዘላቂ ማለት ነው፤ ስለ ዘላቂ ሰላም ሲነገር የምናየው ይህን ነው፤ መጨረሻ የለውም አያሰኝም። «ፐርማነንት» እንደ ቋሚ ሥራና ቋሚ አድራሻ ያለውን ያመለክታል። «ፐርፔቹዋል» ሳያቋርጥ የሚቀጥለውን ይገልጻል። «ኢንዱሪንግ» ፈተናን ተቋቁሞ ጸንቶ የሚኖረውን ይገልጻል። «ኤቨርላስቲንግ» በዛሬው እንግሊዝኛ ጥቂት ያረጀ ቃል ነው፤ በብዛት የሚሰማው በጸሎትና በመዝሙር ነው። በተራ ንግግር ግን በማጋነን አሰልቺ ለሆነ ነገርም ይውላል፤ እኛ «ዘላለሙን ያማርራል» እንደምንለው ዓይነት ነው። እንዲህ የምንባለው ሰው በእውነት መጨረሻ የሌለው ምሬት የለውም፤ ሰሚውም ይህን ያውቃል።

አንድ የግሪክ ቃል፣ ሁለት የእንግሊዝኛ ልብስ

በማቴዎስ 25፥46 ላይ በግሪኩ ያለው ቅጽል አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም «አዮኒዮስ» ነው። ቅጣቱም «አዮኒዮስ»፣ ሕይወቱም «አዮኒዮስ» ተብሏል። ይህ ቃል በአዲስ ኪዳን 70 ያህል ጊዜ ይገኛል፤ ከእነዚህም ከ40 በሚበልጡት ሕይወት ከሚለው ቃል ጋር ተያይዞ ይመጣል። ታዲያ የኪንግ ጄምስ ተርጓሚዎች ለምን በሁለት ቃል ተረጎሙት?

መልሱን ራሳቸው ሰጥተውናል። በ1611 በታተመው ትርጉም መቅድም ላይ፣ አንድን የምንጭ ቋንቋ ቃል ሁልጊዜ በአንድ የእንግሊዝኛ ቃል ለመተርጎም ራሳቸውን እንዳላሰሩ ገልጸዋል። ለንባብ ውበት ሲሉ ቃላትን መለዋወጥን መርጠዋል። ይህም ልማድ ከእነርሱ በፊት በዊልያም ቲንዴል ትርጉም ውስጥ ይታያል። ከዚያ በፊት በ14ኛው መቶ ክፍለ ዘመን ከላቲን የተተረጎመው የዊክሊፍ መጽሐፍ ቅዱስ ግን በዚህ ቁጥር ለሁለቱም «ኤቨርላስቲንግ»ን ይጠቀማል፤ ምንጩ የሆነው ላቲንም በሁለቱም ቦታ አንድ ቃል ነበረው።

ለውጡ የአጻጻፍ ስልት እንጂ የትምህርት ልዩነት አለመሆኑን ለማየት ጥቂት ቁጥሮችን ማመሳከር ይበቃል። በኪንግ ጄምስ ዮሐንስ 3፥15 ላይ «ኢተርናል» ሕይወት ይላል፤ በሚቀጥለው በቁጥር 16 «ኤቨርላስቲንግ» ሕይወት ይላል። ግሪኩ በሁለቱም አንድ ነው። በሮሜ 6፥22 እና 23 እንዲሁ ነው። ጌታ ቤትና ወገንን ስለ እርሱ ለተዉት የሰጠው ተስፋ በማርቆስ 10፥30 «ኢተርናል»፣ በሉቃስ 18፥30 «ኤቨርላስቲንግ» ሆኗል። ስለ እሳቱም ብንመለከት በማቴዎስ 25፥41 «ኤቨርላስቲንግ»፣ በይሁዳ 7 «ኢተርናል» ተብሏል። እንግዲህ እኔ በሰበክሁት መንገድ ከሄድን፣ በዮሐንስ 3 ላይ ጌታ ለኒቆዲሞስ በአንድ ትንፋሽ ሁለት ዓይነት ሕይወት ሰጥቶታል ማለት ነው።

ከሁሉ የከበደው ማስረጃ ግን ሮሜ 16፥26 ነው። በዚያ ቁጥር የኪንግ ጄምስ ትርጉም እግዚአብሔርን ራሱን «ኤቨርላስቲንግ» አምላክ ይለዋል፤ በዘፍጥረት 21፥33 እና በኢሳይያስ 40፥28 እንዲሁ። ቃሉ «መነሻ ያለው» ማለት ከሆነ እግዚአብሔርም መነሻ ሊኖረው ነው! በዚያ እሑድ ይህን ቁጥር ያነበበልኝ ሰው ቢኖር ኖሮ ስብከቴ በመካከሉ በተቋረጠ ነበር።

በ1881 የወጣው የታረመው የእንግሊዝኛ አዲስ ኪዳን ይህን ጉዳይ ለማስተካከል ሞክሯል። በማቴዎስ 25፥46 ሁለቱንም «ኢተርናል» አደረጋቸው። «ኤቨርላስቲንግ» የሚለውን ደግሞ «አይዲዮስ» ለተባለው ለሌላ የግሪክ ቃል ተጠቀመበት። ይህ ቃል በአዲስ ኪዳን ሁለት ጊዜ ብቻ ይገኛል፤ በሮሜ 1፥20 ስለ እግዚአብሔር ኃይል፣ በይሁዳ 6 ስለ ወደቁት መላእክት እስራት። ኪንግ ጄምስ ይህንንም አንዱን «ኢተርናል»፣ ሌላውን «ኤቨርላስቲንግ» ብሎ ነበር። ዛሬ በብዛት የምንጠቀምባቸው ኤንአይቪና ኢኤስቪም በማቴዎስ 25፥46 ለሁለቱም አንድ ቃል ይዘዋል።

ልዩነቱ ታዲያ ከወዴት መጣ?

ሰባኪዎች የሚናገሩት ልዩነት ከባዶ የተፈጠረ አይደለም። ምንጩ ግን የመጽሐፍ ቅዱስ ቃላት ሳይሆኑ ፍልስፍና ነው። በ6ኛው መቶ ክፍለ ዘመን የኖረው ቦኤቲየስ፣ በእስር ቤት ሳለ በጻፈው የፍልስፍና መጽናናት በተባለው መጽሐፉ፣ ማለቂያ በሌለው ጊዜ ውስጥ መቀጠልንና መጨረሻ የሌለውን ሕይወት በሙላት ባንድነት መያዝን ለይቷል። በእርሱ አባባል ዓለም መጨረሻ ባይኖራት እንኳ ቀጣይ ናት እንጂ እንደ እግዚአብሔር ዘላለማዊ አይደለችም። የመካከለኛው ዘመን መምህራን ይህን ሐሳብ ወርሰዋል።

በዘመናችንም ክርክሩ አልቆመም። ኒኮላስ ዎልተርስቶርፍ በ1975 ባሳተመው በታወቀ ጽሑፍ፣ የመጽሐፍ ቅዱስ አምላክ ከጊዜ ውጭ ያለ ሳይሆን በጊዜ ሁሉ ያለ ነው ብሎ ተከራክሯል፤ ለዚህም «ኢተርናል»ን ትቶ «ኤቨርላስቲንግ»ን መርጧል። ስለዚህ ተማሪዎቻችን በእንግሊዝኛ የተጻፈ የሥነ መለኮት ወይም የሃይማኖት ፍልስፍና መጽሐፍ ሲያነቡ ሁለቱ ቃላት እንደ ሙያ ቃል ተለይተው ሊያገኟቸው ይችላሉ። በዚያ መጽሐፍ ውስጥ ልዩነቱ እውነተኛ ነው፤ ጸሐፊው ራሱ ስለ ወሰነው። ስሕተቱ የሚመጣው ያንን ፍቺ ወስደን በ1611 በተተረጎመ ጥቅስ ላይ ስንጭነው ነው።

ዖላም፣ ዓለም፣ ዘላለም

አማርኛ አንባቢ በዚህ ረገድ ከእንግሊዝኛ አንባቢ የሚበልጥ ሀብት አለው። ዘላለም የሚለው ቃላችን ከግዕዙ «ዘለዓለም» የመጣ ነው፤ ሲፈታ ዘ፣ ለ፣ ዓለም ይሆናል። በግዕዝ «ዓለም» ይህን የሚታየውን ዓለም ብቻ ሳይሆን ረጅሙን፣ ማለቂያ የሌለውን ዘመንም ያመለክታል። ይህም ከዕብራይስጡ «ዖላም» ጋር ዝምድና አለው። ዖላም ደግሞ በብሉይ ኪዳን ከ400 ጊዜ በላይ የሚገኝ ቃል ሲሆን፣ የሰብዓ ሊቃናት ትርጉም በአብዛኛው «አዮን» እና «አዮኒዮስ» በሚሉት የግሪክ ቃላት ተርጉሞታል። እንግዲህ ዖላም፣ አዮኒዮስና ዘላለም በአንድ መስመር ላይ የቆሙ ናቸው። በ1954 ዓ.ም. የታተመው የአማርኛ መጽሐፍ ቅዱስም በማቴዎስ 25፥46 ለቅጣቱም ለሕይወቱም ዘላለምን በመጠቀም ግሪኩ ያጣመረውን ሳይለያይ አስተላልፎልናል። ሽማግሌው በእጃቸው የያዙት ትርጉም በዚህ ቁጥር ላይ ከእኔ እንግሊዝኛ ይልቅ ለግሪኩ የቀረበ ነበር።

ዖላም በመሠረቱ ዳርቻው ከዓይን የራቀ ዘመን ማለት ነው፤ ወደ ኋላም ወደ ፊትም ሊሆን ይችላል። ምን ያህል እንደሚርቅ የሚወስነው ከእርሱ ጋር የተያያዘው ነገር ነው። በዘጸአት 21፥6 ጌታውን ወድዶ ነጻ መውጣትን እንቢ ያለ ባሪያ ለዖላም ያገለግላል፤ ይኸውም እስከ ዕድሜው ፍጻሜ ነው። ሐና ሕፃኑ ሳሙኤል በእግዚአብሔር ፊት ለዖላም እንዲኖር ስትሳል፣ በ1ኛ ሳሙኤል 1፥28 ይህ ማለት በሕይወት ዘመኑ ሁሉ መሆኑን ራሷ ታብራራለች። ዮናስ በባሕሩ ጥልቅ ሳለ የምድር መወርወሪያዎች ለዖላም እንደ ተዘጉበት ይጸልያል፤ እኛ ግን ሦስት ቀን እንደ ነበረ እናውቃለን። በዘኍልቍ 25፥13 ለፊንሐስ የተሰጠው ክህነት የዖላም ክህነት ነው፤ የዕብራውያን ጸሐፊ ግን በምዕራፍ 7 የሌዊ ክህነት እንደ ተለወጠ ያስተምራል።

ቅጽሉን የሚመራው ስሙ ነው

ይህን ሁሉ በአንድ ቁጥር ውስጥ የሚያሳየን ዕንባቆም 3፥6 ነው። ነቢዩ እግዚአብሔር ሲቆምና ምድርን ሲመለከት ያያል። የጥንት ተራሮች ይሰባበራሉ፤ የዖላም ኮረብቶች ይዋረዳሉ፤ የእግዚአብሔር መንገድ ግን የዖላም ነው። የኪንግ ጄምስ ተርጓሚዎች ኮረብቶቹን «ፐርፔቹዋል»፣ መንገዱን «ኤቨርላስቲንግ» ብለው ቃሉን ለዋውጠዋል። በዕብራይስጡ ግን ቃሉ አንድ ነው፤ የነቢዩም ኃይል ያለው በዚህ መመሳሰል ውስጥ ነው። ሰው ኮረብታን ሲያይ አባቶቹም እዚያው እንዳዩት፣ ልጆቹም እንደሚያዩት ያስባል፤ ከእርሱ ዕድሜ ጋር ሲነጻጸር ዘላለማዊ ይመስለዋል። ጌታ ሲመጣ ግን ያ ዘላለም ይንበረከካል። የማይንበረከክ ዘላለም የእርሱ ብቻ ነው።

ከዚህ የምንማረው መመሪያ ቀላል ነው። ቅጽሉ ብቻውን ጥያቄን አይዘጋም፤ የሚገልጸውን ስም መጠየቅ አለብን። ኮረብታ ዘላለማዊ ሲባል እንደ ኮረብታ ነው፤ ባሪያ ለዘላለም ሲያገለግል እንደ ሟች ሰው ነው። እግዚአብሔር ዘላለማዊ ሲባል ግን መዝሙር 90፥2 እንደሚያስተምረን ተራሮች ሳይወለዱ በፊት የነበረ፣ ወደ ፊትም ዳርቻ የሌለው ማለት ነው። ለእግዚአብሔር መነሻ እንደሌለው የሚነግረን የቃሉ ፊደል ሳይሆን የባለቤቱ ማንነት ነው።

በማቴዎስ 25፥46 ላይ የተያዘው ጉዳይ

እዚህ ላይ አንድ አንባቢ፣ «እንግዲያው ቃሉ የተወሰነ ዘመንም ሊያመለክት ከቻለ፣ ቅጣቱም አንድ ቀን ያልቃል ማለት አይቻልምን?» ብሎ ሊጠይቅ ይችላል። ይህ ጥያቄ በንድፈ ሐሳብ ብቻ ያለ አይደለም። አዮን ዘመን ማለት ነውና አዮኒዮስ የአንድ ዘመን ብቻ ማለት ነው፣ በመጨረሻም ሁሉም ይድናል የሚል ትምህርት በእንግሊዝኛ ቪዲዮዎች በኩል ወደ ወጣቶቻችን እየደረሰ ነው። በእኔ ግምት ይህ ከመጀመሪያው ስሕተት ጋር አንድ ሥር አለው፤ ሁለቱም ከቃል ሥር ወይም ከቃል ምርጫ ተነሥተው ዐውዱን ይዘላሉ።

ዐውዱ ምን ይላል? በመጀመሪያ ጌታችን ቅጣትንና ሕይወትን በአንድ ዐረፍተ ነገር፣ በአንድ ቅጽል አጣምሯል። አውግስጢኖስ የእግዚአብሔር ከተማ በተሰኘው መጽሐፉ 21ኛ ክፍል ይህን ነጥብ አጥብቆ ይዟል፤ በአንድ ቁጥር አንዱን መጨረሻ የሌለው፣ ሌላውን መጨረሻ ያለው አድርጎ መፍታት እርስ በርሱ የሚጋጭ ነው ይላል። የቅጣቱን ዘላለም ያሳጠረ፣ የራሱንም ተስፋ ያሳጥራል። ሁለተኛ፣ ከጌታ ቃል በስተጀርባ ዳንኤል 12፥2 አለ፤ በዚያም ሕይወቱም ኀፍረቱም የዖላም ተብለዋል። ሦስተኛ፣ ጳውሎስ በ2ኛ ቆሮንቶስ 4፥18 አዮኒዮስን ለጊዜው ብቻ ከሆነ ነገር ጋር በተቃራኒ ያቆመዋል። ሁለቱ የሚነጻጸሩት አንዱ የሚያልፍ፣ ሌላው የማያልፍ ስለ ሆነ ነው።

በሐቀኝነት መጨመር ያለብን ነገር አለ። ከወንጌላውያን መካከል ጆን ስቶት በ1988 በታተመ መጽሐፍ፣ የማይመለሰው የቅጣቱ ውጤት ነው፤ ኃጥኣን በመጨረሻ ይጠፋሉ የሚለውን አሳብ በጥንቃቄ አቅርቦ ነበር። እኔ በዚህ አልስማማም፤ ራእይ 14፥11 እና 20፥10ን የመሰሉ ክፍሎች ወደ ሌላ አቅጣጫ የሚመሩ ይመስለኛል። ነገር ግን ከእንዲህ ያለ ሰው ጋር የምንከራከረው በእነዚያ ክፍሎች ላይ መሆን አለበት። አዮኒዮስ የሚለው ቃል ብቻውን ፍርዱ እንደማይሻር ይነግረናል፤ የቅጣቱን ባሕርይ ግን ሙሉው የመጽሐፍ ቅዱስ ምስክርነት ያስረዳናል።

ስለ ሕይወቱም እንዲሁ ነው። የዘላለም ሕይወት ርዝመት ብቻ አይደለም። በዮሐንስ 17፥3 ጌታ ይህን ሕይወት እውነተኛውን አምላክና የላከውን ክርስቶስን ማወቅ አድርጎ ይገልጸዋል። በዮሐንስ 5፥24 ደግሞ የሚያምን ሰው ይህን ሕይወት አሁን እንዳለው ያስተምራል። በስብከቴ ለማለት የፈለግሁት፣ የአማኝ ሕይወት ከእግዚአብሔር ከራሱ የመነጨ ነው የሚለው፣ እውነት ነበር። ማስረጃው ግን «ኢተርናል» በሚለው ቃል ውስጥ አልነበረም፤ በዮሐንስ 5፥26 ውስጥ ነበረ። እውነትን በተሳሳተ ጥቅስ መስበክ ይቻላል፤ አድማጩ ግን ጥቅሱ የተሳሳተ መሆኑን ሲያውቅ እውነቱንም አብሮ ሊጥለው ይችላል።

ለመድረክ አገልግሎት

ከላይ ካየነው አራት ነገሮችን ለአገልጋዮች ማንሳት እወዳለሁ። አንደኛ፣ ሁለት የእንግሊዝኛ ቃላት በአንድ ክፍል ሲለያዩ ካየን፣ ስለ ልዩነቱ ከመስበካችን በፊት በግሪኩ ወይም በዕብራይስጡ ልዩነት መኖሩን እንመርምር። ቋንቋዎቹን ያልተማረ አገልጋይ እንኳ ሁለት ሦስት ትርጉሞችን፣ በተለይም አማርኛውን፣ ጎን ለጎን ቢያነብ ብዙ ስሕተት ያድናል። ሁለተኛ፣ የቃል ሥር የቃል ፍቺ አይደለም። አዮን ዘመን ማለት መሆኑ አዮኒዮስ በየቦታው ምን እንደሚል አይወስንም፤ እኛም ዘላለም ስንል በውስጡ ዓለም የሚል ቃል እንዳለ አናስብም። ሦስተኛ፣ ቅጽሉን ከስሙ ጋር እናንብብ። ስለ ምድሪቱ ርስት፣ ስለ ክህነት፣ ስለ ኪዳን ዘላለም ሲባል፣ ቃሉን ብቻ ጠቅሰን ክርክር አንዝጋ፤ አዲስ ኪዳን ያንን ነገር በክርስቶስ እንዴት እንደሚያየው እንጠይቅ።

አራተኛው በለቅሶ ቤት ለምናገለግል ነው። ልጁን የቀበረ አባት በፊታችን ተቀምጦ ሳለ ስለ ዘላለም ሕይወት እንናገራለን። በዚያ ሰዓት የሚያጽናናው የሁለት እንግሊዝኛ ቃላት ልዩነት አይደለም። በክርስቶስ ያንቀላፋ ሰው ሕይወት በመቃብር እንዳልተቋረጠ፣ ያም ሕይወት የማያልፈው ሰጪው ስለማያልፍ መሆኑን ሊሰማ ይገባዋል። ያላመነውንም ወገን በፍርሃትና በፍቅር ስናስጠነቅቅ፣ ጌታ ራሱ ያላሳጠረውን እኛ አናሳጥር፤ እርሱ ያላለውንም አንጨምር።

ማጠቃለያ

«ኤቨርላስቲንግ» መልካም ቃል ነው። ብዙ የእንግሊዝኛ ተናጋሪ ምእመናን ለዘመናት ጸልየውበታል። ከ«ኢተርናል» የሚለየው ግን በምንጩና በድምፁ እንጂ በመጽሐፍ ቅዱሱ ትምህርት አይደለም። ሁለቱም በአብዛኛው ከአንድ የግሪክ ወይም ከአንድ የዕብራይስጥ ቃል በስተኋላ ቆመዋል፤ ያም ቃል ሙላቱን የሚያገኘው ከሚገልጸው ነገር፣ ከሁሉ በላይም ከእግዚአብሔር ነው።

እኒያ ሽማግሌ ዛሬ በጌታ ዕቅፍ ናቸው። መልሱን ልነግራቸው አልቻልሁም። ተማሪዎቼን ግን በየዓመቱ በትርጓሜ ትምህርት መጀመሪያ ላይ ማቴዎስ 25፥46ን በአማርኛ ጮክ ብለው እንዲያነቡ አደርጋለሁ፤ ከዚያም የእርሳቸውን ጥያቄ እጠይቃቸዋለሁ።